ይሉኝታን ይዛችሁ ባሕር አትውጡ፦ ከሴንት ሉሲያ እስከ ግሬናዳ በሸራ ጀልባ

ከጉዞው ከተመለስን ወዲህ ፎቶዎቹን ያየ ሁሉ "እኛም እንሂድ እንጂ፣ ስንት ፈጀባችሁ?" ይለናል። ፎቶዎቹ አልዋሹም፤ ውሃው እውነትም እንደዚያ ሰማያዊ ነው፣ ኤሊዎቹም አጠገባችሁ ድረስ ይመጣሉ። አብሮ አደጌ ሴንት ቪንሰንት ውስጥ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላት ያደረችበትን ሌሊት ግን ማንም ፎቶ አላነሳም። ከወዳጆቻችሁ ጋር ጀልባ ተከራይታችሁ ከደሴት ደሴት ለመሄድ ካሰባችሁ፣ በተለይ እንደኛ አበሻ ለአበሻ ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

አምስት ነበርን። ጀልባዋን የመሩልን ጋሼ የምንላቸው፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ ወዳጃችን ናቸው። ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ላይ ተምረው በቼሳፒክ ሰላጤ ለዓመታት በሸራ ሲጓዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ነርስ ናቸው። አብሮ አደጌ ከቶሮንቶ መጣች፤ የአክስቴ ልጅ ደግሞ የሁላችን ታናሽ ነው። በካሪቢያን ጀልባ ያለ ካፒቴን የሚከራየው የባሕር ልምዱን በጽሑፍ ለሚያሳይ ሰው ነው። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ አከራዩ ካፒቴን ጨምሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በዚህ ገንዘብ አትቆጥቡ።

መንገዳችን ከሴንት ሉሲያ ወደ ደቡብ፣ በሴንት ቪንሰንትና በግሬናዲን ደሴቶች አድርጎ እስከ ግሬናዳ ነበር። በዚያ ባሕር ትሬድ ዊንድ የሚባለው ነፋስ ዓመቱን ሙሉ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ ወደ ደቡብ መውረድ ይቀላል፤ ወደ ሰሜን መመለስ ግን ከነፋስ ጋር መታገል ነው። ስለዚህ ለአከራዩ ተጨማሪ ከፍለን ጀልባዋን ግሬናዳ ላይ ለማስረከብ ተስማማን። ከማርቲኒክ ያልተነሳነው በወረቀት ምክንያት ነው። ማርቲኒክ የፈረንሳይ ግዛት ብትሆንም ከሼንገን ክልል ውጭ ናት፤ ተራ የሼንገን ቪዛ ብቻውን አያስገባም፣ ለፈረንሳይ የባሕር ማዶ ግዛቶች እንደሚሠራ ተጽፎበት መገኘት አለበት። የአክስቴ ልጅ የያዘው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ሁሉ ሴንት ሉሲያ፣ ሴንት ቪንሰንትና ግሬናዳ ሦስት የተለያዩ አገሮች መሆናቸውን አስቡና እያንዳንዱን ኢሚግሬሽን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አትማችሁ ያዙ።

ጊዜው ቤሪል አውሎ ነፋስ ባለፈ በዓመቱ፣ መጋቢት ላይ ነበር። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ መጋቢት ለባሕር ጥሩ ወር ነው። ለእኛ ግን ሁዳዴ ነው። አብሮ አደጌ አጥባቂ ጿሚ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አትቀምስም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ምግቡ በደንብ ተዘጋጀንበት፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድርቆሹ፣ በሶው፣ ቆሎው ከሜሪላንድ ተጭኖ መጣ። ፀሐይና ጨው በሚያደርቀው ባሕር ላይ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ መዋል ምን እንደሚያመጣ ግን አንድም ሰው አላነሳም። እትዬ በኋላ እንደነገሩን በልባቸው ነበር፤ "በሰው ጾም ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ" አሉ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አሳሳቱን። ከሮድኒ ቤይ ተነስተን በሴንት ሉሲያ ምዕራብ በኩል ስንወርድ ባሕሩ እንደ ጣና በማለዳ ጸጥ ያለ ነበር። ደሴቶቹ ተራራማ ስለሆኑ ከምሥራቅ የሚመጣውን ነፋስና ማዕበል ተራራው ይከልለዋል። ፒቶኖች ከሚባሉት ሁለት ሾጣጣ ተራሮች ሥር፣ መልህቅ መጣል ስለሚከለከል፣ ለጀልባ ማሰሪያ ተብሎ ከተዘጋጀ ተንሳፋፊ ኳስ ላይ ታስረን አደርን። ፒቶኖቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ከባሕሩ ቀጥ ብለው ሲወጡ ላየ ሰው ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልገውም። ሁላችንም "ባሕር ማለት ይሄ ከሆነማ" አልን። አብሮ አደጌ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ትጠጣና ሽሮዋን ትበላለች፣ ማታ ሻይ ትጨምራለች፣ በቃ። አካሏ ከቀን ወደ ቀን እየደረቀ ነበር፤ ሳቋን አይተን ደህና ናት አልን።

ጀማሪ ሆናችሁ ለምትሄዱ ይህን አስረግጬ ልንገራችሁ፦ በደሴቱ ጥላ መጓዝና ከደሴት ወደ ደሴት መሻገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሴንት ሉሲያና በሴንት ቪንሰንት መካከል ያለው ክፍት ባሕር ከ20 የባሕር ማይል በላይ ነው። ከአፍሪካ ጠረፍ ጀምሮ የሚያቆመው ሳያገኝ የመጣው የአትላንቲክ ማዕበል የሚያልፈው በዚያ በር ነው። ነፋሱም በደሴቶቹ ጫፍና ጫፍ ሲታጠፍ ይበረታል፤ ትንበያው ከሚለው በላይ ይሆናል። ስለዚህ ሸራችሁን ገና በጸጥታው ውስጥ ሳላችሁ አሳንሱ። ጋሼ ይህን አድርገው ነበር፤ ባያደርጉ ኖሮ የዚያ ቀን ነገር ሌላ ይሆን ነበር።

የምንሻገርበት ዋዜማ ትንበያው ነፋሱ 25 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው)፣ ማዕበሉም ወደ ሦስት ሜትር እንደሚሆን ተናገረ። ከፒቶኖቹ እስከ ቤክዌይ፣ ከሴንት ቪንሰንት በስተደቡብ እስካለችው ትንሽ ደሴት፣ ከ50 የባሕር ማይል በላይ ነው፤ በስድስት ኖት ፍጥነት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጋሼ ስልካቸውን ሲያሳዩን ሁላችንም ተጎንብሰን አየን። እኔ ሁለት ቀን ብንጠብቅ ደስ ባለኝ፤ ግን የግሬናዳው የአውሮፕላን ትኬት የተቆረጠ ነው፣ ደግሞ በልምድ የሚበልጡኝን ታላቅ ሰው "ይቅር" ለማለት አፌ አልተፈታም። የአክስቴ ልጅ ፈርቶ ነበር፤ ወንድ ልጅ ፈራ እንዳይባል ዝም አለ። አብሮ አደጌ በእኔ ምክንያት ጉዞው አይስተጓጎል አለች። ጋሼስ? እሳቸው ደግሞ "ልጆቹ ቀን ቆጥረው መጥተዋል፣ ላሳዝናቸው አልፈለግሁም" ነበር ያሉት፤ ይህን የሰማነው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። አምስት ሰው፣ አንዱም ለራሱ መሄድ ሳይፈልግ፣ ለሌላው ሲል ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገመድ ፈትቶ ወጣ።

ጎሕ ሲቀድ ከደሴቱ ጥላ ወጣን። ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተኝታ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ውሃው ከፊት እየተገመሰ ፊታችን ላይ ይደፋል። አብሮ አደጌ ግማሽ ሰዓት አልቆየችም። መጀመሪያ ዝም አለች፣ ቀጥሎ ማዛጋት ጀመራት፣ ከዚያ ወደ ዳር ሄዳ በላይ በላዩ አስመለሳት። የአክስቴ ልጅ ወገቧን ይዞ ቆመ። ከእነዚህ ምልክቶች ማዛጋቱን ልብ በሉ፤ ሰው ባሕር ላይ ካዛጋና ከደበተው እንቅልፍ አምሮት ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ገና ሲጀምር የደረሳችሁበት የባሕር ሕመም ነው።

እትዬ ማታውኑ ለሁላችንም የማቅለሽለሽ ክኒን አድለው ነበር። "ወሰድሽ?" ሲሏት "አዎ" አለች። ከዚያ "ጋደም ልበል" ብላ ወደ ታች ወረደች። ባሕር ለያዘው ሰው ከዚህ የባሰ ቦታ የለም፤ ዓይን የቆመ ግድግዳ ሲያይ፣ ጆሮ ደግሞ መናወጡን ሲሰማ፣ ሁለቱ ሳይስማሙ አእምሮ ይታወካል። ከላይ ሆኖ አድማሱን ማየት፣ ከቻለም መሪውን መያዝ ነው መድኃኒቱ። እኛ ግን ተኝታ ይቀላታል ብለን ተውናት።

አራት ሰዓት ገደማ የሴንት ቪንሰንት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ስንደርስ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 የፈነዳው የላ ሱፍሪየር እሳተ ገሞራ ከግራችን ታየ፤ ትንሽ ቆይቶም ባሕሩ ረገበ። እትዬ ሊያይዋት ወረዱ። ሲጠሯት ቶሎ አልመለሰችም፤ ስትመልስም ቃሏ ይንተባተባል፣ የት እንዳለን ጠፍቶባታል። የእጇን ጀርባ ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥረው ለቀቁት፤ ቆዳው እንደተቆነጠረ ቆሞ ቀረ። "መቼ ነው ሽንት ቤት የሄድሽው?" ሲሏት ማስታወስ አልቻለችም። ክኒኑን ሹራቧ ኪስ ውስጥ በሶፍት ተጠቅልሎ አገኙት። ማታ ልትውጠው ስትል እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር፤ በውሃ ልትውጠው ነውና ተወችው። ማንንም ማስጨነቅ ስላልፈለገች "ወሰድኩ" አለችን።

እትዬ ኦአርኤስ የሚባለውን፣ ፈሳሽ ላጠረው ሰው የሚሰጥ የስኳርና የጨው ዱቄት በጥብጠው በማንኪያ ማንኪያ ሊያጠጧት ሞከሩ፤ ያንኑ መለሰችው። ከዚያ በኋላ ምክክር አልነበረም። ጋሼ ሸራውን ጠቅልለው ሞተሩን አስነሡ፣ ወደ ቤክዌይ መሄዱ ቀርቶ ወደ ሴንት ቪንሰንት ዋና ከተማ ወደ ኪንግስታውን አቀናን፣ እኔን ራዲዮኑን አስያዙኝ። እንዴት እንደሚጠራ ሴንት ሉሲያ ሳለን ለሁላችንም አስተምረውን ስለነበር እጄ ቢንቀጠቀጥም ቃሉ አልጠፋኝም። እናንተም ካፒቴናችሁ ሳያሳያችሁ አትነሡ፦ 16ኛው ቻናል ላይ ሆናችሁ፣ ሕይወት ወይም ጀልባ ሊጠፋ ከሆነ "ሜይዴይ" ሦስት ጊዜ፤ አስቸኳይ ሆኖ እዚያ ያልደረሰ ከሆነ "ፓን ፓን" ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ የጀልባችሁን ስም፣ ከጂፒኤሱ ያነበባችሁትን ቦታ፣ የሆነውን ነገርና ስንት ሰው እንዳላችሁ። ካፒቴኑ ራሱ ቢታመም ወይም ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተር ማስነሣትና ይህን ጥሪ ማድረግ የሚችል ሌላ ሰው ከሌለ፣ በዚያ ጀልባ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ሰው ጤና ላይ ነው የተንጠለጠለው።

የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎቹ ወዲያው መለሱልን፤ የት እንደምንቆም ነገሩን፣ የመግቢያ ወረቀታችን በኋላ እንደሚያልቅም አረጋገጡልን። የመግቢያ ወረቀቱን ገና ያልጨረሰ ጀልባ የሚሰቅለውን ቢጫ ባንዲራ ሰቅለን ገባን። ያደረሰን ባለ ታክሲ ፀጉሩን የጎነጎነ ራስታ ነበር፤ ከየት እንደመጣን ሲሰማ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ እስከ ማታ ከእኛ ጋር ቆየ፣ የሆስፒታሉን በር ሁሉ እሱ ነው ያስከፈተልን። ይህን ሰው መቼም አልረሳውም።

ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል አብሮ አደጌ ዓይኗን ገለጠች፤ ወደ ማታ ሽንቷ መጣ፣ እትዬም ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጡት። ሐኪሟ እንዲሁ ቆይታ ቢሆን ኩላሊቷ ይጎዳ እንደነበር ነገረችን። ያን ዕለት ማታ የንስሐ አባቷን በስልክ አገኘናቸው። ሲሰሙ ደነገጡ፤ "ልጄ፣ ከመሄድሽ በፊት ለምን አልነገርሽኝም? መድኃኒትሽን ውሰጂ፣ ውሃሽን ጠጪ፤ ስትመለሺ እንነጋገራለን" አሏት። ጿሚ ለሆናችሁ ሁሉ የምለምናችሁ ይህንን ነው። ባሕር ከመውጣታችሁ በፊት ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ጾሙን በምን መልክ እንደምትይዙት እሳቸው ይወስኑላችሁ። ሳትጠይቁ በራሳችሁ አትጨክኑ። ረመዳንን የምትጾሙ ወዳጆቼም የሃይማኖት አባቶቻችሁን ቀድማችሁ አማክሩ።

ዶክተሯ ከፈቀደች በኋላም ጥቂት ቀን አርፈን ነው የተነሣነው። ጋሼ ሁላችንንም ጀልባዋ ላይ ሰብስበው እንዲህ አሉን፦ "ከአሁን ወዲያ እዚህ ጀልባ ላይ በየጠዋቱ እንነጋገራለን። መጀመሪያ የሚናገረው ታናሻችን ነው፤ እኔ መጨረሻ ነኝ። አንድ ሰው 'ዛሬ ይቅር' ካለ ይቀራል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።" እኛ ቤት ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል፤ ታላቅ "እንሂድ" ካለ በኋላ ደግሞ ታናሽ ምን ይላል? ቅደም ተከተሉን መገልበጡ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ከዚያ ጉዞ ያገኘነው ትልቁ ነገር እሱ ነው። ከእናንተ ጋር ታላቅ ካለ ይህን ሐሳብ እሱ ራሱ እንዲያመጣው አድርጉ፤ ከታናሽ አፍ ከወጣ ድፍረት ይመስላል።

እትዬ ደግሞ የካርታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው የአምስታችንንም ስም ጻፉበት። አንድ ኩባያ ውሃ የጠጣ በስሙ ትይዩ አንድ ጭረት ያደርጋል፤ ሽንት ቤት የሄደ ክብ ይሠራል። መጀመሪያ ሁላችንም አፈርን። በማግስቱ ግን ከሩቅ እያየን "ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጭረት ብቻ ነው ያለዎት" የምንባባል ሆንን። ለስምንት ሰዓት ያህል ሽንት ያልሸና፣ ወይም ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ የሆነ ሰው ውሃ አጥሮታል ማለት ነው፤ ቃሉ ከተንተባተበ ደግሞ በቀጥታ ሐኪም ነው።

ስለ መድኃኒቱ የተማርነውን ላካፍላችሁ። የማቅለሽለሽ ክኒን ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ሆድ ውስጥ አይቆይም፤ ማታ ከመተኛት በፊትና ጠዋት ከመነሣት በፊት ነው የሚወሰደው። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ቤታችሁ ሳላችሁ ሞክሩት። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው የስኮፖላሚን ፕላስተር በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ነው፤ ከመነሣት ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ይለጠፋል፣ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ግን አይነካውም። ኦአርኤስ ካጣችሁ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ መጠጣት ነው፤ በአንዴ የተጋተ ይመለሳል። የዝንጅብል ሻይ ለብዙዎቻችን ረድቶናል፤ በሶ ደግሞ እሳት ሳይነድ ጉልበት ይሰጣል። የሚያስመልሰው ሰው ወደ ጀልባው ዳር አይሂድ፤ ባልዲ ስጡት። እንዲህ ዳር ላይ የተጎነበሰ፣ ጉልበቱ የከዳው ሰው በቀላሉ ከጀልባ ይወድቃል። ማዕበል ባለበት ሁሉ ላይፍ ጃኬቱ ይታሰር፣ የደኅንነት ገመዱም ከጀልባው ጋር ይያያዝ።

ይህን የመጨረሻውን በደንብ ያወቅነው ቤክዌይ ላይ፣ በአዲሱ ሥርዓት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። የአክስቴ ልጅ እንዲጀምር ተሰጠው። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ኩባያውን ሲያሽከረክር ቆየና "እኔ መዋኘት አልችልም" አለ። ከመሄዳችን በፊት ጠይቀነው "ትንሽ ትንሽ" ብሎን ነበር። የምትናወጥ ጀልባ ዳር ላይ ጃኬቱን ሳያስር የአብሮ አደጌን ወገብ ይዞ የቆመው ልጅ መዋኘት አይችልም! እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አብዛኞቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው፤ መዋኘት አለመቻል የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አለመናገሩ ነው የሚገድለው። ስለዚህ "ትችላለህ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ከመሄዳችሁ ወራት በፊት መዋኛ ውስጥ አብራችሁ ግቡና እዩ።

ቤክዌይ ላይ ጋሼ በየቀኑ ወገብ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ በጀርባው መንሳፈፍ አስተማሩት። በኋላ ቶቤጎ ኪስ ደረስን፤ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሠራ የኮራል ሪፍ ከአትላንቲክ የሚጋርዳቸው ሰው የማይኖርባቸው ትናንሽ ደሴቶች ናቸው፣ የባሕር ፓርክም ስለሆነ መግቢያ ይከፈላል፣ ዓሣ ማጥመድ አይቻልም። በራዳል የምትባለዋ ደሴት አጠገብ ኤሊዎቹ የባሕር ሣር ይግጣሉ። የአክስቴ ልጅ ላይፍ ጃኬት አድርጎ፣ መነጽሩን አጥልቆ፣ የጎማ ጀልባዋን ገመድ በአንድ እጁ እንደያዘ ፊቱን ውሃ ውስጥ ከተተ። ከታቹ ኤሊ አለፈ። ጩኸቱ በመተንፈሻው ቱቦ ሲወጣ የሰማን ሁሉ ሳቅን፤ አብሮ አደጌ አለቀሰች። በደሴቶቹ መካከል ግን ጅረት አለ፤ ዋና የሚችለውም ሰው ጀልባውን ትቶ ርቆ አይሂድ። ወደዚያ ስትገቡ ፀሐይ ከፍ ብላ ከጀርባችሁ ሆና ይሁን፤ ኮራሉ በውሃው ቀለም የሚለየው ያኔ ብቻ ነው።

ስለ መልህቅ አንድ ነገር ልጨምር። የውሃው ጥልቀት አራት ሜትር ከሆነና የጀልባው አፍንጫ ከውሃው በላይ አንድ ሜትር ከሆነ፣ አምስቱን በአምስት አባዝታችሁ ቢያንስ 25 ሜትር ሰንሰለት ልቀቁ፤ ነፋስ ከበረታ በሰባት። አሸዋ ላይ ጣሉ፣ ሣርና ኮራል ላይ አትጣሉ፣ ከዚያ አንድ ሰው ዋኝቶ መያዙን ይይ። አንድ ሌሊት የሰንሰለቱ ድምፅ ተለወጠብኝና ተኝቼ ብዙ አመነታሁ፤ ኋላ ተነሥቼ ጋሼን ቀሰቀስኳቸው። ምንም አልነበረም። እሳቸው ግን "እንዲህ ነው" ብለው ትከሻዬን መታ አድርገው ተመልሰው ተኙ። በሌሊት የሚጠራጠር ሰው ይቀስቅስ፤ የተቀሰቀሰም አይቆጣ።

ዩኒየን ደሴትና ካሪያኩ ላይ ሌላ ሐዘን ጠበቀን። ቤሪል እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2024 ያለፈው በእነሱ ላይ ነው፤ በደረጃ አራት አውሎ ነፋስነት። ጣሪያ የሌላቸው ቤቶች፣ የብስ ላይ የተጣሉ ጀልባዎች አየን። ደቡብ ነውና አውሎ ነፋስ አይደርስበትም እየተባለ የሚሰጠውን ምክር አትመኑ፤ ግሬናዳንም በ2004 አይቫን መትቷት ነበር። ሰዎቹ ግን እየሠሩ ነው፣ ሆቴላቸውን ከፍተው እንግዳ ይጠብቃሉ። አትክልታችሁን፣ ዓሣችሁን፣ ነዳጃችሁን ከእነሱ ግዙ። ከዩኒየን ካሪያኩ በዓይን ይታያል፤ ቢሆንም አንዱ የሴንት ቪንሰንት፣ ሌላው የግሬናዳ ስለሆነ የመውጫውንም የመግቢያውንም ወረቀት ሳትጨርሱ እንዳትወርዱ።

ካሪያኩ ላይ ልንነሣ ስንል አብሮ አደጌ ተራዋ ደርሶ "ዛሬ ይቅር" አለች። ነፋሱ ደህና ነበር፣ ትኬቱም ደርሷል። ጋሼ አንድም ቃል ሳይናገሩ የሞተሩን ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ መለሱት። ትኬት ለማስቀየር ከፈልን። በማግስቱ "እንሂድ" አለች፤ ሄድን። ከግሬናዳ በስተሰሜን ኪክኤም ጄኒ የሚባል ከባሕር ሥር ያለ እሳተ ገሞራ አለ፤ ዘወትር 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይራቃል፣ ሲነቃ ደግሞ ክልከላው ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። የዕለቱን ደረጃ ሳትጠይቁ አትለፉ። እኛ በሩቁ ዞረነው የግሬናዳ ዋና ከተማ ሴንት ጆርጅስ ገባን። ስለ ገንዘብ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰው፦ በሽተኛን በአውሮፕላን የሚያጓጉዝ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ፣ ከጉዟችሁ መጨረሻም ላይ ትኬት የማትቆርጡባቸው ሁለት ሦስት ባዶ ቀናት አስቀሩ፣ የሚቀየር ትኬት ያዙ። ውድ ነው፤ ግን "ይቅር" የሚል ሰው እንዲኖራችሁ ከፈለጋችሁ "ይቅር" ማለት ብዙ የማያስከፍል መሆን አለበት።

አብሮ አደጌ አሁን ደህና ናት፤ እንደገና እንሂድ የምትለውም እሷ ናት። በዚህ ጊዜ ቀኑን የመረጠችው ከንስሐ አባቷ ጋር ሆና ነው፦ በዓለ ሃምሳ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ከዲሴምበር ጀምሮ የሚበረታው የገና ነፋስ የሚሉትም ያኔ ረግቦ ይቆያል። ፋሲካ ዘግይቶ ሜይ ውስጥ በሚውልበት ዓመት ሃምሳው ቀን ጁን ውስጥ ስለሚገባ፣ ከአውሎ ነፋሱ ወቅት ቀድማችሁ እንድትጨርሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተነሡ። ጀልባዎቹ ቀድመው ይያዛሉና ቀኑን ከወዲሁ ከባሕረ ሐሳቡ አስልታችሁ አስይዙ።